ፎቶግራፍ ማንሣትና ማረም ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት?

አዲስ ዕውቀት ወደ አንድ አገር ሲገባ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይቀበሉታል። አንዱ ጥቅሙን ሳይመረምር ያደንቀዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጥቅሙን ሳይመረምር ይንቀዋል። ሁለቱም አልመረመሩምና በስሕተታቸው አንድ ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ዲጂታል ፎቶግራፍ አነሣሥና ስለ ምስል አስተራረም ይሰጣል ተብሎ የሚታሰበው ትምህርት በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች መካከል ወድቆ የሚያነሣው አጥቷል። ስለዚህ ጉዳይ ለመከራከር ብዕሬን ማንሣቴ፣ ነገሩ ለተመልካች ቀላል ቢመስልም እጅግ ከባድ መሆኑን በሥራዬ ላይ ሳለሁ ስላስተዋልሁ ነው።

እንደሚታወቀው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ምስል ማቀነባበርና ስለ መልቲሚዲያ የሚያስተምር ምዕራፍ አለ። ምዕራፉን ያሰቡት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ትምህርቱ በመጽሐፍ መጻፉ አንድ ነገር ነው፤ በተማሪው ዓይንና እጅ መግባቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በሥራ ምክንያት በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ በኩል ስመላለስ ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋር ተነጋግሬአለሁ። ከዚያ የተረዳሁት ይህ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ በጠመኔ ተጀምሮ በጠመኔ የሚያልቅ መሆኑን ነው። ተማሪው ፒክስል ማለት ምን እንደ ሆነ ከሰሌዳ ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ ለፈተናም በቃሉ ያጠናል፤ አንድ ፎቶግራፍ ሳያነሣ፣ አንድ ምስል ሳያርም ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። ይባስ ብሎም ካሜራ ያለው ስልክ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይወሰድና በክፍል ውስጥ ስለ ካሜራ ይነገራል። ዋናን በደረቅ ምድር የሚያስተምር መምህር ቢኖር እንስቅበት ነበር፤ በዚህ ላይ ግን ማንም አይስቅም።

እንዲህ የሆነበትን ምክንያት በጠየቅሁ ጊዜ ሦስት ዓይነት መልስ ሰምቻለሁ። አንደኛው፦ «ፎቶግራፍ ለሠርግና ለበዓል የሚሆን ጨዋታ ነው፤ ተማሪን ከሒሳብና ከሳይንስ ያዘናጋዋል» የሚል ነው። ሁለተኛው፦ «ምስል ማረም ማለት ማስመሰል ማለት ነው፤ ለልጆች ሐሰትን ማስተማር አይገባም» የሚል ነው። ሦስተኛውም፦ «ወንበርና መጽሐፍ ለጎደለው፣ በጸጥታም ጉድለት ለተጎዳ ትምህርት ቤት ካሜራ ማሰብ ቅንጦት ነው» የሚል ነው። እነዚህ መልሶች በሐቀኛ ሰዎች አፍ የሚነገሩ ስለ ሆኑ በንቀት ማለፍ አይገባም። ስለዚህ አንድ በአንድ እንመርምራቸው።

በመጀመሪያ ጨዋታ ነው ስለሚሉት እንነጋገር። ለዚህ የሚሆነውን ማስረጃ ከሩቅ አገር ማምጣት አያስፈልግም፤ ከሞጣ ወደ አባይ ሸለቆ መውረድ ይበቃል። በዚያ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ፣ ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የቆየ የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ስለ ፈረሰ ሕዝቡ «ሰባራ ድልድይ» ብሎ ሰይሞታል። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ወደ ገበያ የሚሄደው ነጋዴ፣ ዘመዱን የሚጠይቀው ገበሬ፣ በሽተኛውም ጭምር በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ በሁለቱ አፋፍ በቆሙ ሰዎች እየተሳበ፣ ከታች አባይ እየጮኸ፣ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። ይህ ነገር ከስድሳ ዓመት በላይ ቆየ። በእነዚህም ዓመታት ብዙ ሺሕ ሰው አየው፤ ብዙ ሰውም አዘነ።

እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ አባይ ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ የዚህን የገመድ መሻገሪያ ፎቶግራፍ አትሞ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሥራ ባለሙያ፣ መኪናው እስኪጠገንለት ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ይህን መጽሔት ገልጦ ፎቶግራፉን አየ። ሰውየው አገራችንን አያውቃትም፤ የሞጣንም ስም ሰምቶ አያውቅም ነበር። ነገር ግን ያንን በገመድ የተንጠለጠለ ሰው አይቶ ማለፍ አልቻለም። ሰዎችንና ገንዘብን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2002 በፈረሰው ቅስት ላይ የብረት መሻገሪያ እንዲዘረጋ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ያንን ቢወስደው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከውሃው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ሌላ ድልድይ ተሠራ። በዚህ ምክንያት የተቋቋመው ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅትም በልዩ ልዩ አገሮች ለገጠር ሰዎች የእግር ድልድይ ሲሠራ ኖሯል።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ ብለህ ተመልከት። ስድሳ ዓመት የተነገረ ቃልና የፈሰሰ እንባ ያልሠራውን ድልድይ አንድ ፎቶግራፍ አሠራው። እንዲህ ያለውን ነገር ጨዋታ ብሎ የሚጠራው ማን ነው?

ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊያሳፍረን የሚገባ አንድ ነገር አለ። ያንን ፎቶግራፍ ያነሣው የአገሩ ሰው አልነበረም። ከሞጣ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ፣ አባቱ በዚያ ገመድ ሲሻገር እያየ ያደገ ልጅ፣ ምስሉን አንሥቶ ለሚመለከተው ክፍል አላቀረበውም። ይህ የልጁ ጥፋት አይደለም፤ ካሜራም ትምህርትም አልነበረውምና። ዛሬ ግን ካሜራው በብዙ ቤት ገብቷል፤ የጎደለው ትምህርቱ ነው።

ነገሩ በሞጣ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ ፎቶግራፍ የሚያነሡ መሐንዲሶችን አስከትሎ ነበር። የዚያን ዘመን አገራችንን በፎቶግራፍ የምናያት እነርሱ ባዩበት ዓይን ነው፤ የዐፄ ቴዎድሮስን መልክ ግን በሕይወት ሳሉ የተነሣ ፎቶግራፍ ስለሌለ በሥዕልና በግምት ብቻ እናስበዋለን። በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት መጨረሻ የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ የሆነው ቤድሮስ ቦያጂያን አርመናዊ ነበረ፤ ሙያውም ለልጆቹ ተላለፈ። ለእነዚህ የውጭ አገር ሰዎች ምስጋና ይድረሳቸውና ብዙ ነገር አቆይተውልናል። ነገር ግን መልኩን ሁልጊዜ በሌላ ሰው መስታወት የሚያይ ሕዝብ፣ መስታወቱ የጠመመ ዕለት ራሱን ጠማማ ነኝ ብሎ ያምናል። በአምስቱ የመከራ ዘመን በቢቸና ምድር ጠላትን ያርበደበደው የበላይ ዘለቀ ስም በሁሉ አፍ አለ፤ አብረውት የወደቁት የባላገር አርበኞች ግን መልካቸው ከእነርሱ ጋር ተቀብሯል። ለዛሬው ትውልድ ይህ ዳግመኛ እንዳይደርስበት የሚከለክለው ነገር ምንድን ነው?

የፎቶግራፍ ትምህርት ከሒሳብና ከሳይንስ ያዘናጋል ማለትም የትምህርቱን ጠባይ ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ዲጂታል ምስል ማለት ቁጥር ማለት ነው። ምስሉ በጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ሲሆን እያንዳንዱ ነጥብ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ ይኸውም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን ልክ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ሦስቱም 0 ሲሆኑ ጥቁር ይሆናል፤ ሦስቱም 255 ሲሆኑ ነጭ ይሆናል። 256 በ256፣ እንደገናም በ256 ሲባዛ 16,777,216 ስለሚሆን አንድ ነጥብ ይህን ያህል ዓይነት ቀለም ሊይዝ ይችላል። ምስልን ማፍካት ማለት ለእነዚህ ቁጥሮች መደመር ነው፤ የብርሃኑንና የጥላውን ልዩነት ማጉላት ማለት ደግሞ ቁጥሮቹን ማራራቅ ነው። ለምን እማራለሁ እያለ ሒሳብን የሚጠላ ተማሪ መደመርና ማባዛት በእናቱ ፊት ምስል ላይ ምን እንደሚሠሩ ቢያይ፣ ጥያቄው ያን ጊዜ መልስ ያገኛል።

የፊዚክስ መምህርም ስለ ብርሃንና ስለ ሌንስ በሰሌዳ ላይ መሥመር ከሚሥል ይልቅ ተማሪዎቹን ወደ መስኮት ቢወስዳቸው ይሻለዋል። ብርሃን ከፊት ሲመጣ ፊትን እንደሚያጠፍጥፍ፣ ከጎን ሲመጣ ቅርጽን እንደሚያወጣ፣ ከኋላ ሲመጣ ሰውን ጥላ ብቻ እንደሚያደርግ በአንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ያሳያቸዋል። የሌንሱ ቀዳዳ ሲሰፋ ብዙ ብርሃን ይገባል፤ መዝጊያው ሲፈጥን የሚሮጥ ፈረስ ቆሞ ይታያል፤ ሲዘገይ ግን ወንዙ እንደ ጥጥ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1975 በኮዳክ ኩባንያ ስቲቭን ሳሶን የተባለው ወጣት መሐንዲስ የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 10,000 ነጥብ ብቻ የነበረው ጥቁርና ነጭ ምስል ያነሣ ነበር፤ አንዱን ምስል በካሴት ክር ላይ ለመመዝገብም 23 ሰኮንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ በቢቸና ገበያ የሚሸጥ ተራ ስልክ 12 ሚሊዮን ነጥብ ያለው ምስል በቅጽበት ያነሣል። ይህም የመጀመሪያው ካሜራ ካነሣው 1,200 ጊዜ እጥፍ ነው። ይህን የመሰለ መሣሪያ በእጃችን ይዘን ስለ መሣሪያው አለማወቃችን፣ ምንጭ ላይ ቁጭ ብሎ ውሃ እንደ መጠማት ነው።

ስለ ጥቅሙም እንናገር ከተባለ፣ በጮቄ ተዳፋት ላይ አፈራችንን የሚጠርገውን ጎርፍ እናስብ። አንድ የተማሪዎች ቡድን አንዱን ቦረቦር ከአንድ ቦታ ቆሞ፣ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በአንድ አቅጣጫ ፎቶግራፍ ቢያነሣውና አንድ ዘንግ ለመለኪያ ቢያቆምበት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የግብርና ሠራተኛው በሪፖርት ብዛት የማያገኘውን ማስረጃ ያገኛል። የእርከን ሥራው ሠራ ወይስ አልሠራ የሚለው ክርክርም በምስሉ ይፈረዳል። የጤፍ በሽታ፣ የተሰነጠቀ የትምህርት ቤት ግድግዳ፣ በምስጥ የተበላ የመዝገብ ወረቀት፣ ይህ ሁሉ በሚገባ የተነሣ ምስል ሲኖረው በርቀት ያለው ባለሙያ ሊመክርበት ይችላል። በደብዛዛ ምስል ግን ማንም ምክር አይሰጥም። ልዩነቱን የሚያመጣው የካሜራው ዋጋ ሳይሆን የአንሺው ዕውቀት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክርክር እንለፍ። ምስል ማረም ማስመሰል ነው፤ ስለዚህ አይማሩት የሚሉ ሰዎች ስለ ግብረ ገብ የሚቆረቆሩ በመሆናቸው አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ክርክራቸው መርዝ አለና የመድኃኒት ትምህርት ይቅር እንደ ማለት ነው። አስመሳዩ ትምህርቱን ከእኛ አይጠብቅም፤ በራሱ ተምሮ ጨርሷል። ያልተማረው የሚታለለው ሰው ነው።

በአገራችን የተቀነባበረ ምስል ነገር ከኮምፒዩተር በፊት የጀመረ ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረዱበት ዘመን፣ የእስላም ጥምጥም ጠምጥመው የሚያሳይ ፎቶግራፍ በሰው እጅ እየዞረ የተቃዋሚዎቻቸው መሣሪያ ሆኖ ነበር። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ፎቶግራፉ በብልሃት የተቀነባበረ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ልጅ ኢያሱ በምሥራቅ ሳሉ በእውነት እንደዚያ ለብሰው ነበር ይላሉ። ክርክሩ መቶ ዓመት አልፎትም አልተቋጨም። ለእኛ የሚጠቅመን ቁም ነገር ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ፎቶግራፉን ከተመለከቱት ሰዎች መካከል «ይህ ምስል ከየት መጣ? ማን አነሣው? መቼ? ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችል ትምህርት ያገኘ ሰው እምብዛም አለመኖሩ ነው። ማየት ማመን ነው የሚለው አነጋገር ያን ጊዜ ብቻውን ፈረደ።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። በሶቪየት ኅብረት ከስታሊን ጎን ቆሞ ፎቶግራፍ የተነሣው የጸጥታ ሹም ኒኮላይ የዦቭ እ.ኤ.አ. በ1940 ከተገደለ በኋላ ከፎቶግራፉም ተፋቀ፤ በቆመበት ቦታም ውሃ ብቻ እንዲታይ ተደረገ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ያ የሰባራ ድልድይን እውነት ለዓለም ያሳየው ናሽናል ጂኦግራፊክ ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1982 ለሽፋኑ እንዲስማማው የግብፅን ፒራሚዶች በኮምፒዩተር አቀራርቦ ማተሙ ነው። ነገሩ በታወቀ ጊዜ ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል። አንድ መጽሔት በአንድ እጁ እውነትን፣ በሌላ እጁ ማስመሰልን ሊይዝ ከቻለ፣ በስልካችን ላይ ስሙን ሳናውቀው የሚደርሰን ምስልማ ምን ያህል መመርመር ይገባው ይሆን? ዛሬ ደግሞ ካሜራ ሳያስፈልግ፣ በቃል ትእዛዝ ብቻ ያልነበረ ሰውና ያልተደረገ ነገር የሚሥሉ ፕሮግራሞች በሁሉ እጅ ገብተዋል።

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ ከአንድ ወረቀት ተቆርጦ በሌላ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ማኅተም፣ ስሙ ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበት የትምህርት ማስረጃ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚያዘጋጀው ሰው ምስል ማረምን ያውቃል፤ የሚቀበለው ጸሐፊ ግን አያውቅም። ቢማር ኖሮ ምስሉን አጉልቶ የማኅተሙን ዳር ይመለከት ነበር፤ የፊደሎቹ ቁመትና ውፍረት እኩል መሆናቸውን ያመዛዝን ነበር፤ የወረቀቱ ጥላና የጽሑፉ ጥራት በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መሆኑን ይጠይቅ ነበር። እነዚህ ሁሉ በሁለተኛ ደረጃ ክፍል በጥቂት ሳምንታት ሊማሯቸው የሚቻሉ ነገሮች ናቸው። በሐሰተኛ ማስረጃ የተቀጠረ ሰው የአንድ ሐቀኛ ተማሪን እንጀራ እንደሚበላ ማንም አይስተውም። እንግዲህ ምስል ማረምን ማስተማር ለሐሰት በር መክፈት ነው ወይስ በሩ ላይ ዘበኛ ማቆም?

መንግሥት የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አውጥቷል። ሕግ ያጠፋውን ይቀጣል፤ ነገር ግን ሕግ ዓይን አይሰጥም። ዓይን የሚሰጠው ትምህርት ነው። ሞጣ በቁጣ የተነሣ ሕዝብ በአንድ ቀን ምን እንደሚያደርግ የምታውቅ ከተማ ናት፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. መስጊዶችና የነጋዴዎች ሱቆች ሲቃጠሉ አይታለች። ያ መከራ የመጣው በምስል ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ገበያ በሚውሉባት እንዲህ ባለች ከተማ የሚያድግ ወጣት፣ አንድ የሚያስቆጣ ምስል በስልኩ በደረሰው ጊዜ ድንጋይ ከማንሣቱ በፊት ጥያቄ እንዲያነሣ ማስተማር ቅንጦት ሊባል አይችልም።

ይህንንም ጥያቄ የመጠየቅ ልማድ ከውጭ አገር መዋስ አያስፈልገንም። በቢቸና አቅራቢያ በዲማ ጊዮርጊስ የሊቃውንት ጉባኤ ነበር። በጎጃም የቅኔ ቤቶች የተማሩ አባቶቻችን ከሰሙ በታች ወርቁን ሳይፈልጉ ቅኔን ሰማሁ አይሉም ነበር። ተማሪውም መምህሩ የዘረፉትን ቅኔ ውጫዊ ትርጉም ብቻ ይዞ ቢሄድ ሰነፍ ይባል ነበር። ዛሬ ምስል ሁሉ ሰም አለው፤ ወርቅም አለው። ሰሙ በዓይን የሚታየው ነው፤ ወርቁ ደግሞ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን አነሣው፣ ከዳር ምን ቆረጠ፣ ምን ጨመረ የሚለው ነው። በቃል የነበረንን ጥንቃቄ ወደ ምስል ብናሻግረው ሥልጣኔን ከሥራችን ሳንነቀል ተቀበልን ማለት ነው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ የሚከብድ ነው። በክልላችን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ብዙ ሕፃናትንም ከደብተራቸው አለያይቷል፤ ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። በር የሌለው ክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር ስለ ካሜራ ሲነገረው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥቂት ይታገሠኝ። ፎቶግራፍ ለማንሣት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ለማረምም አያስፈልግም፤ ጊምፕ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያለ ገንዘብ የሚሰጥ የምስል ማረሚያ ፕሮግራም አንድ ጊዜ በኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ መሥመር ይሠራል፤ ከአሮጌ ኮምፒዩተርም ጋር ይስማማል። ደግሞስ የተጎዳ ትምህርት ቤት ጉዳቱን በቀን፣ በቦታና በልክ አስመዝግቦ ካልያዘ፣ የመልሶ ግንባታ ገንዘብ በሚታደልበት ቀን በምን ይከራከራል? ድሀ የሆነ ሰው ማስረጃውን ሊጥል አይችልም፤ ማስረጃውን የሚጥለው ባለጸጋ ነው።

በመሣሪያ ብዛት የምንማር ከሆነም ትናንት ያየነው ትምህርት ይበቃናል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ሲገባ ወጪው ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ተማሪው ምስልን ተቀምጦ የሚመለከት እንጂ ምስልን የሚሠራ አልነበረም። ስለዚህ ዋናው ነገር የመሣሪያው ውድነት እንዳልሆነ ተረድተናል። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አሥር ስልክ ቢገኝ ለስድስት ተማሪ አንድ ይደርሳል፤ ይህም አንዱ ሲያነሣ ሌላው ብርሃኑን እንዲመለከት፣ ሌላው እንዲጽፍ ያስችላል። ስልክን ከትምህርት ቤት ማገድ ለሌላው ሰዓት ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ትምህርት ሰዓት ግን በመምህሩ ፈቃድና ቁጥጥር እንዲገባ ማድረግ አንድ የደብዳቤ ሥራ ነው።

ትምህርቱ ሲሰጥ ግን ጨዋታ ነው የሚሉት ሰዎች እውነተኞች እንዳይሆኑ ሥርዓት ያስፈልገዋል። በበኩሌ አራት ሕግጋት ይበቃሉ እላለሁ። አንደኛ፣ መጀመሪያ የተነሣው ምስል አይነካም፤ እርማት የሚደረገው በቅጂው ላይ ብቻ ነው። የተለመደው የፎቶግራፍ ፋይል በታረመና በተቀመጠ ቁጥር ከጥራቱ ጥቂት የሚቀንስ በመሆኑ ይህ ሕግ ለጥበቡም ለእውነቱም ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ ማን እንዳነሣው፣ የት፣ መቼ፣ ምን እንደሚያሳይ ያልተጻፈበት ምስል እንዳልተሠራ የቤት ሥራ ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ የሰው ፊት ያለ ፈቃዱ አይነሣም፤ በተለይም ኀዘንተኛ፣ በሽተኛና ሕፃን። አራተኛ፣ ማፍካት፣ ዳሩን መቁረጥና ማቅናት የተፈቀደ ሲሆን፣ ያልነበረን ነገር መጨመር ወይም የነበረን ማጥፋት ግን «ተቀነባብሯል» ተብሎ ካልተጻፈበት እንደ ፈተና ስርቆት ይቀጣል። እነዚህን አራት ነገሮች በልቡ የያዘ ተማሪ፣ ፎቶግራፍ አንሺ ባይሆንም እንኳ፣ የታመነ ምስክር ይሆናል።

መምህሩም አንድ ጊዜ ለተማሪዎቹ ይህን ሥራ ይስጣቸው፤ የገበያ ቀን አንድ ሥፍራ ሁለት ጊዜ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ በመጀመሪያ ገበያው የሞላ እንዲመስል፣ ቀጥሎም ባዶ እንዲመስል አድርገው። አንዲት ነጥብ ሳይጨምሩ፣ አንዲት ነጥብ ሳይቀንሱ፣ በአቋቋማቸውና ዳሩን በመቁረጣቸው ብቻ ሁለቱንም እንደሚያደርጉት በእጃቸው ያያሉ። ከዚያ ቀን በኋላ እነዚያን ልጆች በፎቶግራፍ ማታለል ቀላል አይሆንም። በጠመኔ አንድ ዓመት የማይገኘው ትምህርት በአንድ የገበያ ቀን ይገኛል።

እንግዲህ ለሁሉም ወገን አንዳንድ ቃል ልናገር። በኃላፊነት ላይ ያላችሁ ሹማምንት ሆይ፣ ይህ ትምህርት ለረጅም ዘመን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ከሚፈተኑት ትምህርቶች ውጭ በመሆኑ እንደ እንጀራ ልጅ ሲታይ ኖሯል። የማይፈተን ነገር አይጠናም፤ ስለዚህ ቢያንስ በክፍል ፈተና ላይ ተማሪው በቃሉ ብቻ ሳይሆን በእጁ ሥራም ይመዘን። በኮምፒዩተር ክፍል ተቆልፎ አቧራ የሚጠጣ መሣሪያ ካለ ቁልፉ ለመምህሩ ይሰጥ፤ ለተበላሸው ንብረት የሚጠየቅ እንጂ ላልተማረው ተማሪ የሚጠየቅ ሰው የለምና፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ከመክፈት መቆለፍን መምረጡ አያስደንቅም። ይህ ሥርዓት ሊለወጥ ይገባል።

መምህራን ሆይ፣ አታውቁትም ብላችሁ አትፈሩ። በዚህ ሙያ ተማሪው ጣቱ ከእናንተ ይፈጥን ይሆናል፤ ፍርዱ ግን ያለ እናንተ አይበስልም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ ዓይኑ የእርሱ ቢሆንም ልቡን የምታሠለጥኑት እናንተ ናችሁ።

ተማሪዎች ሆይ፣ በስልካችሁ የራሳችሁን ፊት ማንሣታችሁን ማንም አይከለክላችሁም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ስልካችሁን አዙሩትና ፊታችሁ ያለውን ተመልከቱ፤ መንገዱን፣ ወንዙን፣ አያታችሁን፣ የትምህርት ቤታችሁን ጣሪያ። ያነሣችሁትን በእውነተኛ ስሙና ቀኑ አስቀምጡት። በአገራችን ገና ብዙ ሰባራ ድልድይ አለ፤ ጎረቤታችሁ በገመድ ተንጠልጥሎ ሲሻገር መጀመሪያ የምታዩት እናንተ ናችሁና፣ ምስሉን ለሚጠግነው ሰው ለማቅረብ ከሌላ አገር ፎቶግራፍ አንሺ እስኪመጣ አትጠብቁ።